ያገለገለ ፒፓ ሲገዙ፦ ያልጸዳው፣ የታደሰው ወይስ ሳይጨስ የከረመው?

ያገለገለ የትምባሆ ፒፓ የሚፈልግ ሰው የሚቀርብለት ዕቃ ከሦስት ዓይነት አያልፍም። አንዱ ከባለቤቱ እጅ እንደወጣ፣ ጥቀርሻውንና አመዱን እንደያዘ የሚሸጥ ነው። ሌላው ተፍቆ፣ ታጥቦና ተወልውሎ አዲስ የመሰለ ነው። ሦስተኛው ከተሠራ ዓመታት ቢያልፉትም እሳት ሳይነካው መደርደሪያ ላይ የከረመ ነው። ዋጋቸው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ቅደም ተከተል ይጨምራል። ጥራታቸው ግን ዋጋቸውን ተከትሎ አይሄድም።

የምንመክረው ሚዛን አንድ ነው። ቆሻሻ ይነሳል፤ የጎደለ እንጨት፣ የተበላ ጠርዝና የተፋቀ የሠሪ ማህተም ግን አይመለስም። ስለዚህ ፒፓውን ሲያገላብጡ ምን ያህል እንደቆሸሸ ከማየትዎ በፊት ምን እንደጎደለው ይፈልጉ። ጥቀርሻ የለበሰ ሙሉ ፒፓ፣ አካሉ ተፍቆ ከሚያብረቀርቅ ፒፓ ይበልጣል።

ለመግባባት ያህል ስሞቹን እናስቀምጥ። ትምባሆ የሚሞላበትን ጎድጓዳ ክፍል ጽዋ፣ ከጽዋው ጋር አንድ አካል ሆኖ የሚወጣውን እንጨት አንገት፣ አፍ ውስጥ የሚገባውን ክፍል መምጠጫ እንላለን። የመምጠጫው ተሰኪ ጫፍ ወንዴ፣ አንገቱ ላይ ያለው ተቀባይ ቀዳዳ ሴቴ ነው። ትምባሆ ሲቃጠል ጽዋው ውስጥ የሚጋገረውን የከሰል ንብርብር ደግሞ ቅርፊት እንለዋለን።

ሦስቱ ጎን ለጎን

ያልጸዳው ፒፓ ዋጋው ይቀንሳል፣ ሥራው ይበዛል። ለአንድ ፒፓ ሁለትና ሦስት ሰዓት የእጅ ሥራ፣ በተጨማሪም አልኮሉ እስኪሠራና እንጨቱ እስኪደርቅ ጥቂት ቀናት መጠበቅ ያስፈልጋል። ትልቁ ጥቅሙ ማንም ያልደባበቀው መሆኑ ነው፤ ስንጥቁም ቃጠሎውም የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ትልቁ ስጋቱ ወፍራሙ ቅርፊት ነው፤ ከሥሩ ያለውን እንጨት ማንም አላየውም። ጀማሪ አይግዛው ሲባል እንሰማለን፤ በዚህ አንስማማም። በእጁ ይዞ መመርመር የሚችል ጀማሪ ያልጸዳውን ቢገዛ ፒፓን የሚማረው በእሱ ነው። በፎቶ ብቻ የሚገዛ ሰው ግን ቢተወው ይሻላል።

የታደሰው ፒፓ ጥራት ያዳሹ እጅ ጥራት ነው። ጥሩ አዳሽ ቅርፊቱን ያሳሳል፣ የጭስ መንገዱን ያጸዳል፣ መምጠጫውን ወደ ጥቁረቱ ይመልሳል፣ የሠራውንም በዝርዝር ይናገራል። ሌላው ደግሞ ላዩን በሞተር ወልውሎ ይሸጣል፤ ውስጡን ለቄስ ነው። ልዩነቱን የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። ማህተሙ ደብዝዞ የፊደሎቹ ጠርዝ ከቀለጠ፣ አንገቱና መምጠጫው የሚገናኙበት መስመር ላይ ጣት ሲያልፍ ዝቅ ብሎ ከተሰማ፣ ስለታም የነበሩ ማዕዘኖች ከዶለዶሙ፣ ብርጭቆ ወረቀትና የማወልወያ ጎማ ከሚገባው በላይ ሠርተውበታል።

ሳይጨስ የከረመው ከሁሉ ይወደዳል። በፊት የነበረ ሰው ሽታ የለበትም፣ ጽዋውም የፋብሪካ ልኩን እንደያዘ ነው። ሆኖም አለመጨሱን ማረጋገጥ የገዢው ሥራ ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች የጽዋውን ውስጥ በጥቁር ሽፋን ስለሚቀቡ ጥቁረት ብቻውን ተጨሷል አያሰኝም። እርግጡን የሚናገሩት የወንዴው ጫፍና የሴቴው ወለል ናቸው። ነጭ የጥጥ ማጽጃ ሽቦ ያስገቡና ያዙሩት፤ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ተጨሷል። ሳይጨስ መክረም ከእርጅና እንደማያድንም ይወቁ፤ የኤቦናይት (የጠነከረ ጎማ) መምጠጫ ብርሃን ላይ ከቆየ ሳይነካም ይበልዛል፣ የደረቀ አንገትም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ለመሰብሰብ ብቻ የሚገዛ ሰው ሚዛኑ ከሚያጨሰው ይለያል። ለሰብሳቢ ማህተሙ፣ የመጀመሪያው መምጠጫና ያልተነካ ቅርጽ ይቀድማሉ፤ ለሚያጨስ ግን የጽዋው ግድግዳና የጭሱ መንገድ ይቀድማሉ። የፒፓ ትምባሆ የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው፤ ፒፓን ለውበቱ ብቻ የሚሰበስቡ ሰዎች ብዙ የሆኑት አንድም በዚህ ነው።

ጽዋው፦ ገንዘቡ የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው እዚህ ነው

አብዛኛው የእንጨት ፒፓ የሚሠራው ከብራየር ነው። ብራየር ኤሪካ አርቦሪያ የተባለው፣ በአማርኛ አስታ የምንለው ተክል ሥሩና ግንዱ በሚገናኙበት ቦታ የሚያበቅለው ጠንካራ እብጠት ነው። ለፒፓ የሚሆነው የሚቆፈረው በሜዲትራኒያን ዙሪያ ባሉ አገሮች ነው፤ ተቆርጦ ለረጅም ሰዓት ይቀቀላል፣ ከዚያም ለወራት ይደርቃል። እሳትን የሚችለው ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ነው፤ ይሁንና የማይቃጠል እንጨት የለም።

መጀመሪያ ቅርፊቱን ይመልከቱ። ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እኩል ቅርፊት እንጨቱን ከእሳት ይጠብቃል። ከዚያ ሲያልፍ ጠላት ይሆናል፤ ከሰሉና እንጨቱ ሲሞቁ እኩል ስለማይለጠጡ ወፍራሙ ቅርፊት ጽዋውን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። የብዙ ፒፓ ጉድጓድ ስፋት ከ18 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው። እርሳስ እንኳ በግድ የሚያስገባ ጽዋ ካጋጠመዎት በውጭ በኩል ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅ ይፈልጉ። የቅርፊቱ ቅርጽም ይናገራል፤ ከላይ ወፍሮ ከታች ከሳሳ ባለቤቱ ትምባሆውን እስከ መጨረሻው አያጨስም ነበር ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ጽዋ ወለሉ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው።

ቀጥሎ ቃጠሎ ነው። ጽዋውን በውጭ በኩል በጣትዎ ዳብሱት፤ በተለይ የታችኛውን ግማሽና ከጭስ ቀዳዳው ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ። ከአካባቢው የጠቆረ ክብ ቦታ፣ ቀለሙ የተንተከተከ የመሰለ ቆዳ፣ በጥፍር ሲጫኑት የሚለሰልስ እንጨት ካገኙ እሳቱ ከውስጥ ወደ ውጭ እየበላ ነው። ጥቁር ቀለም የተቀባ ፒፓ ይህን ስለሚደብቅ በውስጥ በኩል በቀጭን ሹል ብረት ቀስ ብለው ይንኩት፤ ጤነኛ ብራየር ጠንካራ ነው፣ የተቃጠለው ይፈረፈራል። የሸረሪት ድር የመሰሉ ጥቃቅን ስንጥቆች ወለሉ ላይ ካሉና ብረቱ ካልሰረገደባቸው ብዙ አያስፈሩም። ብረቱ የሚገባበት ስንጥቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

የግድግዳውን ውፍረት ለማወቅ አንድ ጣት ውስጥ አንድ ጣት ውጭ አድርጎ መቆንጠጥ ይበቃል፤ ዙሪያውን ሲያዞሩት በአንድ በኩል የሳሳ ቦታ ወዲያው ይታወቃል። ለወለሉ ደግሞ እርሳስ ጽዋው ውስጥ ያስገቡ፣ አፉ ጋ በአውራ ጣት ይያዙና በውጭ በኩል ያስተያዩት። ከእርሳሱ ጫፍ በታች የቀረው እንጨት በጣም ከሳሳ ወለሉ ተበልቷል ወይም በቢላ ተፍቋል።

የጭስ ቀዳዳው ጽዋው ውስጥ የሚከፈተው ልክ ወለሉ ላይ መሆን አለበት። ከወለሉ በላይ ተንጠልጥሎ ካገኙት ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ወይ ፋብሪካው ሲበሳው ስቷል፣ ወይ ወለሉ ከጊዜ በኋላ ተቆፍሯል። በሁለቱም መንገድ ከታች የሚቀረው ትምባሆ ረጥቦ ይቀራል። ቀዳዳው ፊት ቦይ የመሰለ ጭረት ካለ ባለቤቱ አመዱን በሹል ብረት እየጫረ ሲያወጣ የፈጠረው ነው።

የጽዋው አፍ ላይ ያለ ጥቁረት ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ አላስፈላጊ ነው። ጥቀርሻ ከሆነ በምራቅ በረጠበ ጥጥ ሲታሽ ይለቃል። ካልለቀቀና ጠርዙ ወደ ውስጥ ተዳፍቶ ከታየ ግን ክብሪቱ ወይም ላይተሩ እንጨቱን አቃጥሎታል። ከላይ ሆነው ቀጥ ብለው ይመልከቱ፤ የአፉ ክብ ክብነቱን ከሳተ ወይ ቃጠሎ ነው ወይ በቢላ የተፋቀ ነው። አዳሾች እንዲህ ያለውን አፍ ጠፍጣፋ ነገር ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት ላይ እያዞሩ ዝቅ ያደርጉታል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢወርድ ዓይን አይለየውም፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ሲወርድ ግን የጽዋው ቅርጽ ይቆረጣል፣ የነበረው ለስላሳ ኩርባ በስለታም ጠርዝ ይተካል። በውጭኛው ጠርዝ ላይ ያለ ስርጉድ ቀላል ነው። እንጨቱ ታምቆ ከሆነ እርጥብ ጨርቅ አድርገው ትኩስ ካውያ ቢያሳርፉበት እንፋሎቱ ያነሳዋል። ተቆርሶ የወደቀ ከሆነ ግን የሚነሳ ነገር የለም።

በታደሰ ፒፓ ጽዋ ውስጥ አዲስ ጥቁር ሽፋን ካገኙ ለምን እንደተቀባ ይጠይቁ። ሽፋን ብዙ ጊዜ የሚቀባው በጎ አስቦ ነው፤ የከሰል ዱቄት በእርጎ ወይም በመሰል ነገር ተለውሶ አዲስ ቅርፊት እንዲይዝ ይረዳል። ነገር ግን የተቃጠለ ጉድጓድ ኢፖክሲ በተባለ ሙጫ ከተሞላ በኋላም የሚሸፈነው በዚሁ ነው። ሻጩ ከሽፋኑ በፊት የነበረውን ፎቶ ማሳየት ካልቻለ ያለ ሽፋን የቀረበውን ሌላ ፒፓ ይምረጡ።

ልሙጥ ፒፓ ላይ ሮዝ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ከታየ ስቱኮ ነው። ብራየር በተፈጥሮው ትናንሽ ጉድጓዶች ስለሚኖሩት ፋብሪካው ይደፍናቸዋል። ግድግዳው ወፍራም እስከሆነ ድረስ ለማጨስ ጉዳት የለውም፤ ዋጋ ግን ሊቀንስ ይገባል። በአሸዋ ግፊት ወይም በመሮ የተቦረቦረ ፒፓ እነዚህን ጉድለቶች አብሮ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ በተመሳሳይ ዋጋ ስቱኮ የበዛበት ልሙጥና ንጹሕ የተቦረቦረ ቢቀርብልዎ የተቦረቦረውን ይውሰዱ፤ ጽዋው ሲሞቅ ለእጅም ይመቻል።

አንገቱ፦ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ

አንገት የሚሰነጠቀው ከሴቴው አፍ ተነስቶ ወደ ጽዋው ነው። ዋናው ምክንያት ፒፓው ሞቆ እያለ መምጠጫውን መንቀል ወይም የጠበቀ ወንዴን በኃይል መግፋት ነው። ስንጥቋ መምጠጫው ሲወጣ ትዘጋለች፣ ሲገባ ትከፈታለች፤ ስለዚህ በሁለቱም ሁኔታ ይዩአት። አጠራጣሪ መስመር ካዩ በአልኮል በረጠበ ጥጥ ይጥረጉት። አልኮሉ ከልሙጡ እንጨት ላይ ሲተን ስንጥቁ ውስጥ የገባው ዘግይቶ ስለሚደርቅ ጥቁር ክር ሆኖ ይቀራል።

በብረት ወይም በብር ቀለበት የታሰረ አንገት ሁለት ትርጉም አለው፤ የፋብሪካ ጌጥ ወይም የስንጥቅ ማሰሪያ። ቀለበቱ ማህተሙን በከፊል ከሸፈነ፣ ኋላ ላይ የገባ ነው። በደንብ የታሰረ አንገት ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ዋጋው የጤነኛ ከሆነ ግን አይግዙት።

መምጠጫው፦ ኤቦናይት ወይስ አክሪሊክ?

ኤቦናይት ከድኝ ጋር ተቀላቅሎ የጠነከረ ጎማ ነው። ለጥርስ ለስላሳ ነው፣ ግን ብርሃንና እርጥበት ሲያገኘው ድኙ ወደ ላይ ይወጣና ጥቁረቱ ወደ ቡናማ ከዚያም ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፤ አፍ ላይም መራራ ጣዕም ይተዋል። ይህ መልክ የሚያስፈራውን ያህል አይከፋም። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በውኃ እየታሸ፣ ከሻካራ ወደ ልስልስ እየተሄደ ጥቁረቱ ይመለሳል። አንዳንዱ ሻጭ ግን ለመፍጠን በረኪና ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። በረኪና የተበከለውን ንብርብር ያነሳል፣ ሥሩ ያለውን ገጽ ግን ያሻክረዋል፤ ጠቁሮም እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተቦረቦረ መምጠጫ ካዩ የሆነው ይህ ነው።

የኤቦናይት ሌላ ጠባዩ ቅርጹን ማስታወሱ ነው። በጥርስ የተሰረጎደ ቦታ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲገባ ወይም ከእሳት ራቅ ተደርጎ ሲሞቅ ያብጣል፤ ጥልቀት የሌለው ጭርምት ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይነሳል። በዚያው ጠባዩ የታጠፈ መምጠጫ ብዙ ከሞቀ ሊቃና ይችላል፤ ልከኛ ሙቀት ያስፈልጋል። ጥርስ በስቶት ከሆነ በጥቁር የሚጣበቅ ሙጫና በከሰል ዱቄት ይደፈናል፣ ይሠራልም፤ የሚነከስበት ቦታ ላይ ግን ድፍኑ እንደ መጀመሪያው አይጠነክርም።

አክሪሊክ ፕላስቲክ ነው፤ አይበልዝም፣ ጣዕም የለውም፣ ብርሃን አይፈራም። በሌላ በኩል ይጠነክራል፣ ለጥርስ አይመችም፣ ሲወድቅ ይቆረሳል፤ የጥርስ ምልክቱም በሙቀት አይነሳም፣ መሞላት ወይም መሞረድ አለበት። ስለዚህ በምልክት የተሞላ መምጠጫ ኤቦናይት ከሆነ ተስፋ አለው፣ አክሪሊክ ከሆነ ቅናሽ ይጠይቁበት። ለመለየት መምጠጫውን በጨርቅ እስኪሞቅ ይሹትና ያሽትቱት፤ ኤቦናይት የድኝ ሽታ ይሰጣል።

ከንፈር የሚይዘው የጫፉ ጉብታ ከሁሉም በላይ ያሳስባል። ጉብታው ተበልቶ ከጠፋ ፒፓው ከጥርስ ይንሸራተታል። አንዳንድ ባለቤት የተበላውን ጫፍ ቆርጦ አዲስ ጉብታ ይሞርዳል፤ መምጠጫው ከአንገቱ ጋር ሲተያይ አላግባብ አጥሮ፣ ጫፉም ወፍሮ ከታየ ይህ ተደርጓል።

ምትክ መምጠጫን ለመለየት ግጥሙን ይዩ። የመጀመሪያው መምጠጫ ከአንገቱ ጋር አብሮ ስለተሞረደ ዙሪያውን እኩል ይገጥማል፤ ሌላው በአንድ በኩል ጎርበጥ ይላል። ይሁን እንጂ ክፍተት ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ ሴቴው ውስጥ የተከማቸ ጥቀርሻ ወንዴው እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያግዳል፣ ሲጸዳም ይገጥማል። ፒተርሰን የተባለው ሠሪ ሲስተም ብሎ የሚጠራው ፒፓ ደግሞ መምጠጫው ሲሠራም ከአንገቱ ቀለበት ወጣ ብሎ እንዲቆም የታሰበ ነው፤ እያገለገለ ሲሄድ ጠልቆ ይገባል። በእነዚህ ፒፓዎች ከአንገቱ ሥር እርጥበት የሚያጠራቅም ጉድጓድ ስላለ ማጽጃ ሽቦ እስከ ጽዋው አለማለፉ ጥፋት አይደለም። በሌሎቹ ፒፓዎች ግን፣ በጣም ከታጠፉት በቀር፣ ሽቦው ከጫፍ እስከ ጽዋ ማለፍ አለበት።

የላላ ወንዴ ቀላል ችግር ነው፤ ኤቦናይት ከሆነ ሞቅ ተደርጎ ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ የሚሰፋ ለስላሳ ዘንግ ሲገባበት ይወፍራል። የተሰበረ ወንዴ መተካት ይቻላል፤ መሰርሰሪያና ትዕግሥት ይጠይቃል። አልነቀልም ያለ መምጠጫ ያለበትን ፒፓ ግን ውስጡን ሳያዩ እንደሚገዙ ይቁጠሩት። ኬይዉዲ የተባለውን በመሳሰሉ ባለጥርስ ፒፓዎች መምጠጫው እንደ ብሎን ስለሚፈታ ከመጎተትዎ በፊት ይህን ያረጋግጡ።

ብራየር፣ ሜርሻም ወይስ በቆሎ?

ሜርሻም ከማዕድን የሚቀረጽ ነጭ ፒፓ ነው፤ የታወቀው ምንጩ በቱርክ የሚገኘው ኤስኪሼሂር ነው። ሲጨስ ከነጭ ወደ ማር ቀለም ከዚያም ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ይህ ቀለም ለሰብሳቢ ዋጋ ይጨምራል። ለገዢ የሚያሳስበው መሰበሩ ነው። አንገቱና ጽዋው የሚገናኙበትን ቦታ በባትሪ መብራት በጎን እያበሩ ይዩ፤ የሚያብረቀርቅ ቀጭን መስመር ካለ የሙጫ መስመር ነው። ሜርሻም ቅርፊት ሊይዝ አይገባም፤ ወፍራም ቅርፊት ያለበት በመጥፎ ሁኔታ የተያዘ ነው። ከአንድ ድንጋይ የተቀረጸው ከተፈጨና ከተጨመቀ ቁርጥራጭ ከተሠራው ይቀልላል፣ ቀለሙም እኩል ይመጣል። አሮጌ ሜርሻም ላይ አምበር (ድንጋይ የሆነ የዛፍ ሙጫ) ነው የሚባል መምጠጫ ቢቀርብልዎ መምጠጫው ብቻውን ከተነቀለ ጨው በጠገበ ውኃ ውስጥ ይሞከራል፤ አምበር ይንሳፈፋል፣ ቤክላይት የተባለው ፕላስቲክ ይሰምጣል። አንዳንድ ሌላ ፕላስቲክም ስለሚንሳፈፍ መስመጡ አምበር አለመሆኑን ያረጋግጣል፣ መንሳፈፉ ግን ብቻውን አይበቃም። የቀንድ መምጠጫ ካለው ደግሞ ነፍሳት የበሱትን ጥቃቅን ቀዳዳና የተላጠ ንብርብር ይፈልጉ።

የበቆሎ ቆረቆንዳ ፒፓ አገልግሎ ሲሸጥ አይግዙ። ሚዙሪ ሜርሻም የተባለው ኩባንያ ከ1869 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ዋሽንግተን በተባለች ከተማ የሚሠራቸው አዲሶቹ ራሳቸው ርካሽ ናቸው፤ ቆረቆንዳው የሌላ ሰው ጭስ ጠጥቶ ከጠገበ የሚጸዳ ነገር የለም።

ስለዚህ ለሚያጨስ ያገለገለ ፒፓ ዋናው ምርጫ ብራየር ነው። ይታደሳል፣ ይጠገናል፣ ይታጠባል።

ማህተም ማንበብ

አንገቱ ላይ የተመታው ጽሑፍ ዋጋ ያመጣል፣ ስለዚህ በሐሰትም ይመታል። በጎን ብርሃንና በአጉሊ መነጽር ያንብቡት። ደንሂል የተባለው የእንግሊዝ ፒፓ ሠሪ ከ1921 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሠራቸው ብዙ ፒፓዎች ላይ የአገሩን ስም ተከትሎ የምርት ዓመቱን የሚጠቁም ቁጥር ይገኛል፤ የደንሂል ምልክት የሆነው የመምጠጫው ነጭ ነጥብ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፣ ነጭ ነጥብ ማንም ሊያስገባ ይችላል። ኮሞይስ የተባለው ሠሪ በሠራቸው አሮጌ ፒፓዎች መምጠጫ ላይ ያለው የሲ (C) ፊደል ከሦስት ተለያይተው ከገቡ ክፍሎች የተሠራ ነው፤ የኋለኞቹ ቀለል ያለ ምልክት አላቸው። የብር ቀለበት ካለ ማህተሙን ይፈልጉ፦ በእንግሊዝ ብር ላይ የሚራመድ አንበሳ ብሩ 925 መሆኑን፣ መልሕቅ በበርሚንግሃም መመዝገቡን ያሳያል፣ ፊደሏም ዓመቱን ትነግራለች። ዓመቱ ግን የቀለበቱ ነው፤ ቀለበቱ ኋላ ላይ የገባ ከሆነ የፒፓው ዓመት ከዚያ ይቀድማል።

ስም የሌለው ፒፓም ሊናቅ አይገባም። በተመሳሳይ ዋጋ ስመ ጥር ሆኖ የተፋቀና ስም የለሽ ሆኖ ሙሉ የሆነ ቢቀርብ፣ ለሚያጨስ ሁለተኛው ይሻላል። ማጣሪያ የሚፈልግ መሆኑንም ይመልከቱ፤ 9 ሚሊ ሜትር ማጣሪያ የሚቀበል ፒፓ ያለ ማጣሪያ ሲጨስ አየሩ ስለሚለቀቅበት ማስተካከያ ቱቦ ያስፈልገዋል። ሳቪኔሊ የተባለው ሠሪ በብዙ ፒፓዎቹ የሚጠቀመው 6 ሚሊ ሜትር የባልሳ እንጨት ማጣሪያ ነው።

በእጅ ይዞ መግዛትና በፎቶ መግዛት

በእጅ ከሆነ ቅደም ተከተሉ አጭር ነው። ያሽትቱ፤ ፒፓው ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጠው መምጠጫውን እያዞሩ ይንቀሉ፤ ሽቦ ያስተላልፉ፤ ጽዋውን በባትሪ ይዩ፤ በጣት ግድግዳውን ይቆንጥጡ፤ ማህተሙን ያንብቡ። የሽቶ ትምባሆ ወይም የጭስ ሽታ ያለው፣ ላታኪያ የተባለ ትምባሆ የጠገበ ጽዋ አዲሱን ትምባሆ ያጣፍጠው ይመስላል፣ በእርግጥ ግን ይቀላቀልበታል። አብዛኛው ሽታ በአልኮል ይለቃል። የሻጋታ ሽታ ካለ ውስጡን ይበልጥ ይመርምሩ።

በፎቶ ሲገዙ ሻጩን እነዚህን ይጠይቁ፦ ጽዋው ከላይ ቀጥ ተብሎ፣ ሁለቱ ጎኖች፣ ከታች፣ መምጠጫው ተነቅሎ የሴቴው አፍ፣ የመምጠጫው ጫፍ በላይና በታች በኩል፣ ማህተሙ በጎን ብርሃን። በተጨማሪም የጉድጓዱን ስፋትና ጥልቀት በሚሊ ሜትር፣ ክብደቱን በግራም ያስለኩ። ፋብሪካው ለዚያ ቅርጽ ቁጥር ካወጣው ልክ ጋር ሲያስተያዩት ስፋቱ ከበለጠ ተፍቋል፣ ጥልቀቱ ካነሰ አፉ ዝቅ ተደርጓል። ሻጭ የሴቴውን አፍ ብቻ ሳያነሳ ከቀረ ደግመው ይጠይቁ፤ ስንጥቅ የሚገኘው እዚያ ነው።

በጅምላ የሚሸጥ የፒፓ ክምር ሲቀርብልዎ ጠቅላላ ዋጋውን በክምሩ ብዛት አያካፍሉ። ሙሉ የሆኑትን ብቻ ቆጥረው ያካፍሉ፤ የተቀሩትን መምጠጫቸው ለመለዋወጫ ይሆናል በሚል እንደ ምርቃት ይዩአቸው።

ተደራድሮ መወሰን

በፒፓው ዋጋ ላይ የሚያስፈልገውን ጥገና ይደምሩ፤ አዲስ መምጠጫ ማሠራት ብቻውን ብዙ ጊዜ ከስም የለሽ ፒፓ ዋጋ ይበልጣል። የበለዘ ኤቦናይት፣ በጥቀርሻ የጠቆረ አፍ፣ ወፍራም ቅርፊት፣ የላላ ወንዴ፣ የጥርስ ስርጉድ፦ እነዚህ ዋጋ የሚያስቀንሱ ናቸው እንጂ የሚያስተዉ አይደሉም። የተቃጠለ ግድግዳ፣ ወደ ጽዋው የዘለቀ ስንጥቅ፣ ከወለሉ በላይ የቀረ የጭስ ቀዳዳ፦ እነዚህን በርካሽም አይውሰዱ። የአንገት ስንጥቅና የተበሳ መምጠጫ በመካከል ናቸው፤ ፒፓው ብርቅ ከሆነ ያዋጣሉ።

ገዝተው ቤት ሲደርሱ፣ ታድሷል ቢባልም፣ ከመጠቀምዎ በፊት ያጽዱት። ቅርፊቱን በልክ ያሳሱ እንጂ እስከ እንጨቱ አይፋቁ። የጭስ መንገዱን 95 በመቶ በሆነ ኢታኖል በረጠበ ሽቦ፣ ሽቦው ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ያጽዱ፤ ሜታኖል የተቀላቀለበትን አልኮል በፍጹም አይጠቀሙ። ከዚያ ጽዋውን በጥጥ ሞልተው ጥጡ እስኪረጥብ አልኮል ያንጠባጥቡና ከ12 እስከ 24 ሰዓት ያቆዩት። በጥጥ ፋንታ ጨው የሚጠቀሙ አሉ፤ ጨው ወደ አንገቱ ገብቶ እርጥበት ሲጠጣ እንጨቱን ሊሰነጥቅ ስለሚችል ጥጥን እንመርጣለን። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ይድገሙት፣ ከዚያም ፒፓውን መምጠጫው ተነቅሎ ቢያንስ ለሦስት ቀን ያድርቁት። ሜርሻም ከሆነ ይህን ሁሉ ይተዉ፤ በደረቅ ወረቀት ውስጡን ያብሱ፣ መምጠጫውን ብቻ ለይተው በአልኮል ያጽዱ።